ዕቃው ጅቡቲ ነው

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስንሄድ፣ መሀል ሐይቅ ላይ የጀልባችን ሞተር ሁለቴ ተንገራገጨና ዝም አለ።

ጀልባዋን የሚነዳው ልጅ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። አንዲት ጥቁር ጎማ ቱቦ በፌስታል ቁራጭና በፕላስተር ተጠቅልላለች። ከሥሯ ቤንዚን ጠብ ጠብ ይላል።

«ፓምፑ ነው» አለን። «አዲስ ተገዝቷል፤ ዕቃው ጅቡቲ ነው።»

«መቼ ይደርሳል?»

«እኔ እንጃ! ከፋሲካ ጀምሮ እየመጣ ነው።»

ሳቅን። ነገሩ ግን ከነከነኝ። ከተማዋ ባሕር ዳር፣ የተሳፈርንበትም ወደብ ይባላል። እኛ ግን የፓምፕ ያለህ እያልን ውኃ ላይ ቀረን።

አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ጡረታ የወጡ የተሳቢ ሾፌር ናቸው። እስከ 1990 ዓ.ም. አሰብ ይመላለሱ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መስመር ተዘጋና ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬም ከወጪና ገቢ ንግዳችን 90 በመቶ የሚሆነው በዚያችው በር ነው የሚያልፈው።

«የሚገድለው መንገዱ አይደለም» አሉኝ። «መቆሙ ነው። ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ፣ ወረቀት ትጠብቃለህ፣ ሙቀቱ ያነድሃል። አንተ ስትቆም ኮንቴይነሩ ይቆጥራል።»

የሚቆጥረው ደግሞ በዶላር ነው። ለዘገየ ኮንቴይነር የሚከፈል ነው፤ ነጋዴዎቹ ዲመሬጅ ይሉታል። መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ሱቅ ሄዶ ዘይት የሚገዛው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የባሕር ሕግ ስምምነት፣ ባሕር የሌለው አገር በጎረቤቱ በኩል ወደ ባሕር የመውጣትና የመመለስ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 125። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን አፈጻጸሙን ከጎረቤትህ ጋር ተስማማ ይልሃል። መብቱ ያንተ፣ ቁልፉ የሰውየው ኪስ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ብዙም አልገረማቸውም።

«ጣናነሽ ሁለትን አላየህም?» አሉኝ። በ2017 ዓ.ም. ለጣና የመጣችው ትልቋ ጀልባ ከጅቡቲ ተሳቢ ላይ ተጭና፣ አስፋልት ለአስፋልት ነው የደረሰችው። «መርከብ በጎማ!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

በዚህ መሀል ከዘጌ ማገዶ የጫነች የደንገል ታንኳ ቀስ እያለች ደረሰችብን። ደንገሉ እዚሁ ሐይቁ ዳር ታጭዶ እዚሁ የታሰረ ነው። ቀዛፊው አንገቱን አስግጎ ሞተራችንን አየት አደረገው።

«ምን ሆናችሁ?»

«ፓምፑ ጅቡቲ ነው!» አለ ልጁ።

«እሱማ ይቆያል» አለና ገመድ ወረወረልን።