ማንቂያውን ያደነቆርኩበት ቀን

ሥራችን ፕላዝማን፣ ማለትም እጅግ የጋለ ጋዝን፣ በማግኔት አጥረው ለሚይዙ ማሽኖች የሚሆኑ ኮይሎችን መፈተሽ ነው። ኮይሉ የሚጠቀለለው ከሱፐርኮንዳክተር፣ ማለትም ሲቀዘቅዝ ከረንትን ያለ ተቃውሞ ከሚያሳልፍ ቁስ፣ ከተሠራ ቴፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤም.አይ.ቲ. 20 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ያደረሰው ትልቁ ማግኔትም የተሠራው ከዚሁ ዓይነት ቴፕ ነው፤ የኛ ግን ሁለት እጅ የምታነሳው ትንሽ ነገር ነች። ቴፑ 4 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ውፍረቱም ከወረቀት ብዙ አይበልጥም። ከዚያም ውስጥ ሱፐርኮንዳክተሩ 1 ወይም 2 ማይክሮን ብቻ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነክረን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ፣ ከረንቱን ቀስ እያልን እንጨምራለን።

ያን ቀን፣ ቮልቴጁ ከተቀመጠለት ገደብ ሲያልፍ ከረንቱን የሚያጠፋው መከላከያ አላሠራ አለኝ። ከረንቱን ጨመር ሳደርግ ቮልቴጁ ይዘላል፣ ፓወር ሰፕላዩ ይጠፋል፣ እንደገና ከዜሮ። አራት ጊዜ። ኖይዝ ነው አልኩ፣ ሽቦዎቹ ከአካባቢያቸው የሚለቅሙት የውሸት ምልክት። እውነትም ኖይዝ ነበር፣ የሚያናድደውም ይሄ ነው። የቮልቴጅ መለኪያ ሽቦዎቹ ሳይገመዱ ተዘርግተው ቀለበት ሠርተዋል፣ ያውም ከዋናው ኬብል አጠገብ። አውጥቶ መግመድ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። መውጫ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ገደቡን ከ1 ሚሊቮልት ወደ 100 ሚሊቮልት አደረግኩትና ሰላም ሆነ።

ሰላሙ ብዙ አልቆየም። የድሮዎቹ፣ በሂሊየም የሚቀዘቅዙት ሱፐርኮንዳክተሮች አንድ ቦታ ላይ ሲከሽፉ፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተርነታቸውን ሲያጡ፣ ክሽፈቱ በሰከንድ ብዙ ሜትር ስለሚሮጥ ቮልቴጁ ቶሎ ይጮኻል። የኛ ቴፕ ግን ዳተኛ ነው፤ በሰከንድ ሚሊሜትሮች፣ ቢበዛ ሴንቲሜትሮች ቢሄድ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ሳይሰራጭ እዚያው ይከማቻል፣ ከሜትሮች ቴፕ ውስጥ የጥፍር ያህሏ ብቻ ትግላለች፣ የምትሰጠው ቮልቴጅም እኔ "ኖይዝ" ብዬ ከሸፈንኩት በታች ነው። መከላከያው ጨርሶ አልተኛም፣ 100 ላይ ሲደርስ አጠፋው። ግን ያኔ ቦታዋ ተቃጥላለች።

በማግሥቱ ጥቅልሉን ስንፈታ ጥቁር ነጥቧን አገኘናት። አለቃዬ አየቻት፣ ከዚያ የሙከራ መዝገቡን ገለጠች።

«ገደቡን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሽቦውንስ?»

ዝም አልኩ። እሷም አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሽቦዎቹን ገመድኩ፣ ኮይሉን በመለኪያ ሽቦ ለሁለት ከፍዬ መከላከያው የግማሾቹን ቮልቴጅ ልዩነት እንዲያነብ አደረግኩት፤ እንዲህ ሲሆን ከረንት በመጨመር ብቻ የሚመጣው ቮልቴጅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ገደቡን ወደ 1 መለስኩት። የሚቀጥለው ኮይልም እንደ ፊተኛው መሀል ላይ ጠፋብኝ። እጄ ወደ ገደቡ ሄዶ ነበር፣ አልዋሽም። ከረንቱን ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብዬ አቆምኩትና ጠበቅሁ፤ በመጨመር የሚመጣ ከሆነ መጨመሩ ሲቆም መውረድ አለበት። አልወረደም። በደንብ ያልተበየደ መገጣጠሚያ ነበር።