«ረባሽ ነው» ብዬ ጽፌ ተመለሰልኝ

ቅዳሜዬን ሥልጠና በላት። እዚህ ሜሪላንድ ዴይኬር ነው የምሠራው፣ 3 ዓመት የሆናቸው ልጆች ጋ። ሥልጠናው ኤንኤኢዋይሲ የሚባለው የአሜሪካ የሕፃናት ትምህርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ስላሻሻለው የአስተማሪዎች የብቃት መስፈርት ነበር። 6 ነው፣ እኔ ሦስተኛው ላይ ጉድ ፈላብኝ፤ ልጅን አይቶ መመዝገብ። ስለ አንድ ሐበሻ ልጅ «ረባሽ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። አሠልጣኟ አነበበችና «ይሄ ያየሽው ነው ወይስ የፈረድሽው?» አትለኝም!

እንደገና ጻፍኩ። «መኪናውን ሲቀሙት ጠረጴዛ ሥር ገባ። ጆሮውን ይዞ ቆየ። በእንግሊዝኛ ስጠራው 'እማዬ' አለ።» ጽፌ ስጨርስ ሆዴ ባባ። አማርኛ እያወቅሁ አንድ ቀን እንኳ በአማርኛ አላናገርኩትም እኮ። መስፈርቱ ደግሞ የልጁን የቤት ቋንቋ አክብሩ፣ ተጠቀሙበት ነው የሚለው። እኛ ግን ስንቱን ወላጅ «ቤትም እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት» ብለን መክረናል! (እኔም ብያለሁ፣ ይቅር በሉኝ።)

መስፈርቱስ ተሻሻለ፣ የኛን የአስተማሪዎቹን ደሞዝ ግን ማን ያሻሽለው ይሆን? ለማንኛውም ሰኞ ጠዋት በር ላይ ጠብቄው «ና እስቲ የኔ ጌታ፣ እንዴት አደርክ?» ልለው ነው።