የከተራ ዕለት ቱልሳ ላይ፦ የአንድ የጭቃ እሽቅድምድም ሱሰኛ የዊንተር መንገድ

ሳውዝ ዳኮታ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ጃንዋሪ እዚህ ወር አይደለም ቅጣት ነው። በጨለማ ሥራ ትገባለህ በጨለማ ትወጣለህ፣ መሀል ያለችውን ብርሃን ፋብሪካው ይወስዳታል። ሱ ፎልስ ያለን ሀበሾች ብዙዎቻችን ሥጋ ፋብሪካ ወይ ሠርተናል ወይ እየሠራን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ብርድ ቤት ውስጥ ቢላ ይዘህ ቆመህ ትውልና ስትወጣ ውጪው ከውስጡ ብሶ ይጠብቅሃል። እንግዲህ አንዳንዱ ቤቱ ጋደም ብሎ ዩቲዩብ ላይ ፖለቲካ ሲሰማ ያመሻል፣ አንዳንዱ ካዚኖ ይሄዳል (እሱን ባናነሳው ይሻላል)፣ እኔ ደግሞ ጭቃ ላይ የሚሽቀዳደም መኪና ለማየት ከ600 ማይል በላይ እነዳለሁ። ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

የለከፈኝ እዚሁ ነው። ከሱ ፎልስ ወጣ ብላ ብራንደን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ እዛ ሁሴትስ ስፒድዌይ የሚባል ከ1954 ጀምሮ ያለ ፒስታ አለ፣ ሰመር ሰመሩን እሁድ ማታ ስፕሪንት ካር ይሮጥበታል። ፋብሪካው ውስጥ ሜንቴናንስ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ "ና ላሳይህ" ብሎ ወሰደኝ፣ ያኔ እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም ነበር ምን ሊያሳየኝ እንደሆነ ራሱ አልገባኝም። ስፕሪንት ካር ለማታውቁ፣ አናቷ ላይ ትልቅ ክንፍ ያላት፣ ከነሾፌሯ 1400 ፓውንድ አካባቢ የምትመዝን፣ ሞተሯ ግን ወደ 900 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ጉድ ናት። የናንተን ካምሪ ፈረስ ጉልበት ቼክ አድርጉና አወዳድሩት። ከሃያ በላይ የሚሆኑት ተደርድረው አረንጓዴ ባንዲራ ሲውለበለብ ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ነው የገባው፣ አፈሩ ፊቴ ላይ ተበተነ፣ ሽማግሌው ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ፣ በቃ እዛው ቀረሁ።

ጭቃ እላለሁ እንጂ ጎማ የሚይዝ ጭቃ አይደለም፣ ውሃ የጠጣ የሸክላ አፈር ነው፣ ጠቅጥቀው ያለሰልሱትና መኪናው እየሮጠበት ሲደርቅ ይለዋወጣል፣ መሀሉ እንደ መስታወት ያንሸራትታል፣ ውጪው ዳር ላይ ደግሞ የተገፋው አፈር ተቆልሎ ኩሽን የሚሉት ይሠራል። ጎበዝ ሾፌር የሚለየው እዚህ ነው፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የነበረው መንገድ አራት ሰዓት ላይ የለም፣ በየዙሩ አዲስ መንገድ መፈለግ አለበት። አስፋልት ላይ የሚሮጠው ያሰለቸኛል የምለው ለዚህ ነው።

ችግሩ መኸር ሲገባ እኛ ጋ ሁሉም ነገር ይዘጋል። ዊንተር ላይ ጨዋታው ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ጃንዋሪ ላይ ቱልሳ ኦክላሆማ፣ ፌብሩዋሪ ላይ ጆርጂያና ፍሎሪዳ። ከሁሉም የምወደው ቱልሳ ያለውን ቺሊ ቦውልን ነው፣ ከ1987 ጀምሮ የሚካሄድ፣ አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ውድድር። አዎ አዳራሽ ውስጥ! ግዙፍ የኤግዚቢሽን ሕንፃ ውስጥ አፈር በትራክ እያጋዙ አስገብተው ሩብ ማይል የሚባል ፒስታ ይሠሩበታል፣ ሚጀት የሚባሉ ትናንሽ መኪኖች ከ300 በላይ ሆነው ይመጣሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ይሮጣሉ፣ ቅዳሜ ፍጻሜው ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ጎልደን ድሪለር የሚሉት ከ20 ሜትር በላይ የሚረዝም የነዳጅ ሠራተኛ ሐውልት ቆሟል፣ አሸናፊው የሚሸለመው የሱን ትንሽዬ አምሳያ ነው።

የ2025ቱ ፍጻሜ ጃንዋሪ 18 ዋለ። ካላንደር የምታዩ ሰዎች ገብቷችኋል፣ ጥር 10፣ ከተራ። ሌላ ጊዜ በዓሉ በሥራ ቀን እየዋለ ማናችንም አንሄድም፣ ያን ዓመት ግን ከተራው ቅዳሜ ጥምቀቱ እሁድ ሆኖ አልጋ በአልጋ ነበር፣ እኔ ደግሞ ትኬቱን ቀደም ብዬ ገዝቼ ጨርሻለሁ። ባለቤቴ ስሰማት ስልክ ላይ ለእህቷ "ታቦት ሲወጣ እሱ መኪና ሲገለበጥ ሊያይ ነው" ትላለች፣ ለኔ በቀጥታ ያለችኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ጾሙን እንዳትፈታ"። ገሃድ ነውና፣ ቅዳሜ ቢውልም ከጥሉላት መከልከሉ አይቀርም። ቺሊ ማለት የሥጋ ወጥ ነው፣ ቺሊ ቦውል በተባለ ቦታ ጾመኛ ሆኖ መዋል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ ሕንፃው ሙሉ የሚሸተው ሥጋና ሜታኖል ነው።

አብረውኝ የሄዱት ጋሼ ናቸው። የማንም ዘመድ አይደሉም የሁላችንም ጋሼ ናቸው፣ ድሮ አዲስ አበባ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ሲሠሩ ኖረው በልጃቸው በኩል የመጡ፣ ዊንተር ላይ ከአፓርትመንት መውጣት አቅቷቸው በመስኮት በረዶ ሲቆጥሩ የሚውሉ ሰው። ይሂዱ ከኔ ጋ ስላቸው "አስፋልት በሞላበት አገር ፒስታ ላይ ምን ያስሮጣቸዋል?" አሉ፣ ግን ካፖርታቸውን ለብሰው ቀድመውኝ መኪናው ጋ ቆመዋል።

መንገዱ አይ-29ን ይዞ ወደ ታች ነው፣ ሱ ሲቲ፣ ካውንስል ብላፍስ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ከዛ በአይ-49 ጃፕሊን፣ ከጃፕሊን በአይ-44 ቱልሳ። ካንሳስ ሲቲ እስክትደርስ ሜዳ ነው፣ በረዶ ባይጥል እንኳን ንፋሱ መሬት ያለውን በረዶ እያነሳ መንገዱ ላይ ይነዛዋል፣ ጎማህን አታየውም። ጋሼ አንድ እጃቸው የበሩን መያዣ ጨብጦ ሌላው ቆሎ እየዘገነ "ቀስ በል፣ ቀስ በል" ሲሉ ሚዙሪ ገባን። ስለ መንገዱ ከዚህ በላይ የሚወራ የለም፣ ብርድና ነዳጅ ማደያ ነው።

ቱልሳ ስንደርስ ግን ጋሼ ሌላ ሰው ሆኑ። ፒት ፓስ ገዝተን መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ወረድን፣ እዛው ሕንፃ ውስጥ ነው፣ መካኒኮቹ ከጎንህ እየሠሩ አልፈህ ትሄዳለህ፣ ሂድ የሚልህ የለም። ጋሼ አንድ መኪና ጋ ቁጢጥ አሉና የኋላ ጎማዎቹን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

"አንተ ልጅ፣ የቀኙ ጎማ ከግራው ይበልጣል። ተሳስተው ነው?"

"ሆን ብለው ነው ጋሼ።"

"ዲፈረንሻሉስ?"

"የለውም። ሁለቱም ጎማ አንድ አክሰል ላይ አብሮ ነው የሚዞረው፣ ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ ስለሚሄድ መኪናው ራሱ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ እዚህ ደግሞ ከግራ በቀር መታጠፊያ የለም።"

ዝም ብለው አሰቡ። "ሞተሪኖውስ የታል?"

"እሱም የለውም።"

"ፍሪሲዮን?"

"የለውም። ከኋላ ተገፍቶ ነው የሚነሳው።"

ጋሼ ብድግ ብለው ሳቃቸውን ለቀቁት፣ "ዕድሜዬን ሙሉ ላዳ ስገፋ ኖሬ አሜሪካም መጥቼ መኪና ሲገፋ ልይ!" መካኒኩ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ እሱም ሳቀና አጠገቡ ያለውን ጎማ ወደሳቸው አንከባለለላቸው፣ ያዙልኝ ማለቱ ነው። ከዛ በኋላ ያሉትን ደቂቃዎች እኔ ተረሳሁ። ቋንቋ የሌላቸው ሁለት ሰዎች ካንዴላ አውጥተው እያገላበጡ ሲነጋገሩ ቆሜ አየሁ፣ ጋሼ በአማርኛ "ይሄ ቀለሙ ነጥቷል፣ ቤንዚን አንሶታል" ይላሉ፣ ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል። ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል ነው ልላቸው ነበር፣ ተውኩት።

ቅዳሜ ፍጻሜው ሁሉንም መኪና ያሳተፈ ነው፣ በሳምንቱ ያልቀናቸው ከታችኛው ፊደል ይጀምራሉ፣ ኤም፣ ኤል፣ ኬ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከየምድቡ ፊት የወጡት ጥቂቶች ብቻ ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ፣ መጨረሻ ላይ ኤ ሜይን፣ ዋናው ፍጻሜ። ጠዋት የጀመረ እስከ ማታ። እንደኔ እንደኔ ዋናውን የሚያስንቁት የታችኞቹ ናቸው፣ ምክንያቱም እዛ ያለው ሰው ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ገበሬ ነው፣ ፈቃድ ወስዶ የመጣ ነው፣ አንድ ምድብ ካለፈ አገር የያዘ ያህል ይጨፍራል። መገልበጥ ደግሞ እንደ ጉድ ነው፣ ሰው ስንት እንደተገለበጠ ቁጥር ይይዛል፣ ውርርድ ያለበትም አለ። ይገለበጣል፣ ቀበቶውን ፈቶ ይወጣል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ ጭብጨባ። ጋሼ በእያንዳንዱ ሲያማትቡ አጠገባችን የተቀመጠች ሴትዮ እሷም ማማተብ ጀመረች። ወንበሩን ከአባቷ ነው የወረሰችው፣ በየዓመቱ እያደሰች ትይዘዋለች። ዳቦ ቆሎ ሰጠናት፣ እሷ ቺሊ ልትገዛልን ተነሳች፣ ጾም ነው ብዬ ለማስረዳት የፈጀብኝን ጊዜ አትጠይቁኝ፣ በመጨረሻ ፕሪትዝል ይዛ መጣች።

ብዙ ሀበሻ የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው፣ "ሁሉም ነጭ በሆነበት ቦታ አትፈራም?" እውነቱን ልናገር፣ የሚያፈጥ አለ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ የማትወደው ባንዲራ የሰቀለ መኪናም አልፎ አልፎ ታያለህ። ግን ሞተር ሲነሳ ማንም ማንንም አያይም። ነገሩ የሚከብደኝ ሌላ ቦታ ነው፣ ካይል ላርሰን ላይ። ላርሰን ማለት የአሜሪካን ትልቁን የመኪና ውድድር የናስካርን ዋንጫ በ2021 የወሰደ ሾፌር ሆኖ ሳለ ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ጭቃ ላይ የሚገኝ፣ በኔ ዓይን በዚህ ዘመን እንደሱ የሚነዳ የለም። በእናቱ በኩል ጃፓናዊ ደም አለው፣ ናስካርም የገባው ለዳይቨርሲቲ ተብሎ በተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። ይኸው ሰው ኤፕሪል 2020 ላይ በኦንላይን ውድድር መሀል ጥቁርን የሚያዋርደውን ያንን ቃል ተናግሮ ሁሉም ሰማው፣ ቡድኑ አባረረው፣ ናስካር አገደው፣ ዓመቱን ጭቃ ላይ ሲሮጥና ሲያሸንፍ ከረመ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ተመለሰ። ያን ሰሞን ፋብሪካ ውስጥ የስሙን ቲሸርት የለበሰ ሳይ የሆነ ነገር ይሰማኝ ነበር፣ አሁንም ጨርሶ አልወጣልኝም፣ እሱ ሲያሸንፍ እጄ ያጨበጭባል አፌ ዝም ይላል።

የዛን ቀንም እሱ ነው ያሸነፈው። ሎጋን ሲቪ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ወስዶት ስለነበር ሦስተኛውን ይደግማል ተብሎ ነበር፣ ላርሰን ወሰደው፣ ከ2020ና 2021 ቀጥሎ የራሱን ሦስተኛ። ጋሼ ግን የፍጻሜውን ግማሽ አላዩትም። ቱልሳ ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እሁድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፣ ስልካቸው ላይ ጃንሜዳን በቀጥታ ከፍተው ጆሯቸው ላይ የጆሮ መድፈኛ ሰክተው በዓይን ብቻ ይከታተላሉ። ሴትዮዋ አጎንብሳ አየች፣ ነጭ የለበሰውን ሕዝብ፣ ጥላውን፣ ውሃው ሲረጭ። "ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሊያይ ነው የመጣው?" አለችኝ በጩኸት። እኔም በጩኸት "ጥምቀት!" አልኳት። ሲገባት አንድ እጇን ጋሼ ትከሻ ላይ አድርጋ በሌላው ላርሰንን እያሳየች ትጮሃለች።

በማግስቱ ስንመለስ ብርዱ ከላይ እየወረደ ነበር፣ ኦማሃ ጋ የመስታወቱ ውሃ ቀዝቅዞ አልወጣም አለ፣ በየማደያው እየቆምን በእጅ ጠረግነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ ድግሱን ያስቀመጠችልኝ ክዳን ከድና ነው፣ አኩርፋ ግን ነበረች፣ ልክ ነበረች።

ለዛ ይመስለኛል ፌብሩዋሪ ላይ ፍሎሪዳ እንሂድ ስላት እኔም እመጣለሁ ያለችው። ፍሎሪዳ ሲባል ባህር ነው የታያት። ወደዛ ስንወርድ ክላርክስተን አትላንታ ቆመን ክትፎ በላን፣ ሱ ፎልስ ላለ ሰው አትላንታ አገር ቤት ናት በቃ፣ ሱፐርማርኬቱ ራሱ አማርኛ ያወራል። የሄድንበት ፒስታ ቮሉዥያ ይባላል፣ ያለው ባርበርቪል ነው፣ ከዴይቶና ብዙም አይርቅም፣ ግማሽ ማይል ፒስታ፣ አሸናፊው የአዞ ዋንጫ ይዞ ነው የሚሄደው። ያለ ጃኬት ውድድር ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! ጋሼን አራተኛው መታጠፊያ ጋ አይቀመጡ አፈር ይመጣብዎታል ብዬ ነበር፣ ወይ ፍንክች፣ የመጀመሪያው ሂት (ማጣሪያው) ሳያልቅ ነጭ ኮፍያቸው ቀለሙ ጠፋ፣ ተነሱ ስላቸው "ከዚህ ነው መሪውን እንዴት እንደሚያዞር የሚታየው" አሉኝ፣ እውነትም ወደ ግራ ለመታጠፍ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ከዛ ጥግ በደንብ ይታያል። ባለቤቴ አንድ ማታ ሞክራው "ጆሮዬ!" ብላ በማግስቱ ዴይቶና ባህር ዳር ቀረች፣ ሁለታችንም ተስማምቶናል።

የሚቀጥለው ጃንዋሪም ጋሼ ከወዲሁ እየጠየቁ ነው። ኦማሃ ወይ ካንሳስ ሲቲ ያላችሁ፣ መንገዳችን ላይ ናችሁ፣ መኪናው ውስጥ ቦታ አለ፣ ጋዝ እንካፈላለን። ትኬት ቀደም ብላችሁ ግዙ፣ የጆሮ መድፈኛ የየራሳችሁን ያዙ፣ ከፊት ወንበር ላይ ግን አትጨቃጨቁ፣ የጋሼ ነው።