ቀርሜሎስን በየት በኩል እንውጣው?

እዚህ እስራኤል የምናደርገው የብስክሌት ዙር ካርታ ስልኬ ላይ ከተቀመጠ ሰነበተ። ቀኑንም ቆርጠናል ማለት ይቻላል። ከጓደኛዬ ጋር ያልተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀርሜሎስን ተራራ በየት በኩል እንውጣው በሚለው።

እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ከሃይፋ ደቡብ ጫፍ፣ ከሖፍ ሃካርሜል ተነስተን በ4 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ እንሄዳለን። ኦሬን መገናኛ ስንደርስ ወደ ግራ ታጥፈን በ721 ወደ ጫካው እንገባለን። ከዚያ ቤት ኦሬን፣ ዳሞን፣ ኢስፊያ፣ ዳልያት አል ካርሜል፣ ከዚያ በ672 ቁልቁል እስከ ኤልያኪም፣ በ70 ወደ ፉሬዲስ፣ በመጨረሻም ባሕሩን በግራ ይዘን ወደ ሃይፋ። ዙሩ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጓደኛዬ ግን ዙሩን ገልብጠን በኤልያኪም በኩል ቀስ በቀስ እንውጣ፣ ጉልበታችንን እንቆጥብ ባይ ነው።

አባቴ ክርክራችንን ሰምቶ «ሊማሊሞን በእግሩ የወጣ ሰው ይሄን ተራራ ብሎ ይጠራዋል?» አለ። እውነቱን ነው፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ የቀርሜሎስ ጫፍ ደግሞ 546 ሜትር ብቻ። ግን በብስክሌት ነገሩ ይለያል። የምንነሳው ከባሕሩ ዳር ነው። ከኦሬን መገናኛ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ400 ሜትር በላይ መውጣት አለብን፤ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ መኪናውም አይጠፋም። ለዚህ ነው ከኋላ ዳገት የሚያቀል ባለ 32 ጥርስ ማርሽ ያስገባሁት። ቁልቁለቱንም በዚያ በኩል የማልፈልገው ለዚሁ ነው፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ የጥድ ቅጠል አስፋልቱ ላይ ስለሚረግፍ ኩርባው ላይ ጎማ ያንሸራትታል።

ሌላው ጥላው ነው። ሸለቆው ወደ ምዕራብ የሚከፈት ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ቶሎ አትደርስበትም። ማልደን ከገባን ዳገቱን በቀዝቃዛ አየር እንጨርሳለን። ከረፋዱ በኋላ ደግሞ የባሕሩ ንፋስ ይነሳል፣ ወደ ሰሜን ስንመለስም ከፊትና ከግራ ይገፋናል። በዚያ ላይ ዓርብ ነው፤ የሰንበት ዳቦ ሲባረክ ቤት መገኘት አለብኝ።

ይሄን ሁሉ ነግሬዋለሁ። ዋናውን ምክንያቴን ግን በደንብ ያስረዳሁት አይመስለኝም፣ እዚህ ልጻፈው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2010 ቀርሜሎስ ላይ በተነሳው እሳት 44 ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ የዳሞን እስር ቤት እስረኞችን ለማስወጣት በአውቶቡስ ይጓዙ የነበሩ የእስር ቤት አገልግሎት ሠልጣኞች ናቸው፤ እሳቱ የደረሰባቸውም በዚሁ በ721 መንገድ ላይ ነው። ቤት ኦሬን አጠገብ መታሰቢያ አላቸው። በቁልቁለት ስትወርድ ዓይንህ ኩርባው ላይ ነው፣ እጅህ ፍሬኑ ላይ ነው፣ መታሰቢያውን አልፈህ ትሄዳለህ። እዚያ በላብ፣ በዝግታ መድረስ እፈልጋለሁ። ወርደን ትንሽ እንቆማለን።

በዝግታ ስትወጣ ጫካውም ይታይሃል። ዩኔስኮ በ1996 የቀርሜሎስን ተራራ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት (ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት ቦታ) መዝግቦታል፣ በእሳት የተጎዳው ግን ሰፊ ነበር። አሁን የሚያስደንቀኝ አመላለሱ ነው። እዚህ ያለው ጥድ የደረቁ ፍሬዎቹ በእሳቱ ሙቀት ይከፈቱና ዘራቸውን አመዱ ላይ ይበትናሉ፤ ዛፉ ራሱ ይሞታል፣ ሥሩ ስር ግን ችግኙ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። ኦክ የሚባለው ዛፍ ደግሞ ግንዱ ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። አንድ ዳገት ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ታያለህ፣ ያልተነካውን ትልቅ ዛፍና በእሳቱ ማግሥት የተወለደውን። ይሄን ለማየት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ትክክለኛው ፍጥነት ነው።

የቀረው ዝግጅት ቀላል ነው። ሁለት ሁለት ጠርሙስ ውሃ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ጎማ መንፊያ፣ ኪሳችን ውስጥ ዳቦ ቆሎና ተምር። ዳልያት ላይ የድሩዝ (እዚያ የሚኖረው ሃይማኖታዊ ማኅበረሰብ) ቂጣ ከላባኔ፣ ከጠጠረ እርጎ ጋር አለ፣ ስለ ምሳ አልጨነቅም። ሻራቭ፣ ከበረሃ የሚነሳው ደረቅ ትኩስ ንፋስ፣ ይመጣል ከተባለ ያለ ክርክር ወደሚቀጥለው ዓርብ እናዛውረዋለን፤ በዚያ ሙቀት ጫካ ውስጥ መግባት ለእኛም ለጫካውም ጥሩ አይደለም።

ሙህራቃን ግን አልተውም። ጓደኛዬ ከዳልያት ወደዚያ መገንጠሉ ጊዜ ይፈጃል ይላል። ኤልያስ ከበኣል ነቢያት ጋር የተፋጠጠበት ቦታ ነው ተብሎ የሚታመነው እዚያ ነው፤ ከገዳሙ ጣሪያ ላይ የኢይዝራኤል ሸለቆ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ኤልያስ በዝናብ ከአክዓብ ሰረገላ ቀድሞ እስከ ኢይዝራኤል ድረስ የሮጠው ያንን ነው። ልጅ ሆኜ አያቴ ስትተርክልኝ ርቀቱን ልገምተው አልችልም ነበር። አሁን እግሬ ዝሎ፣ ከላይ ሆኜ ልለካው እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ለጓደኛዬ ያቀረብኩት ይሄ ነው። እሱ በኦሬን መውጣቱንና ሙህራቃን ይቀበል፣ እኔ ፉሬዲስ ላይ የፈለገውን ያህል እንድናርፍ እስማማለሁ። ዓርብ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሖፍ ሃካርሜል። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።