ሰባት ቤት ስንቆጥር የምንዘላቸው እናቶች

ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠራል። ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት ወደ ላይ ወጥተው የጋራ አያት ካገኙ ጋብቻው ይቀራል። እኔ በተወለድሁበት የምሥራቅ ጎጃም ገጠር ይህን ቆጠራ በቃላቸው ከሚያውቁት ሰዎች አንዷ አያቴ ናት። በሙያዬ የባዮኬሚስትሪ መምህር ስለሆንሁ፣ በዘር የሚተላለፉ የሚቶኮንድሪያና የሜታቦሊዝም (ሰውነት ምግብን የሚፈጭበትና የሚጠቀምበት ኬሚካዊ ሂደት) ሕመሞች ጥናት ከየት እንደ ተነሣ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የአያቴ ቆጠራ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ግን የታላቅ እህቴ ሐዘን ነው።

እህቴ ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሁለቱም ደኅና ተወልደው፣ ጠብተው፣ ድኸው ነበር። የመጀመሪያው በአንድ ዓመት ከመንፈቁ ትኩሳት ያዘውና ከዚያ በኋላ መቆም ተሳነው፤ አንገቱ ላላ፣ ዓይኑ ይዋልል ጀመር፣ በመጨረሻም አተነፋፈሱ ተዛባ። ሁለተኛዋም በዚያው ዕድሜ በዚያው መንገድ ሄደች። ጎረቤት ቡዳ ነው አለ፤ ጠበልም፣ ሆስፒታልም ተወሰዱ። በአንደኛው ልጅ ካርድ ላይ ማጅራት ገትር፣ በሁለተኛዋ ላይ የምግብ እጥረት ተጽፏል። ሆስፒታሉ አንድ፣ እናቲቱም አንድ ሆና ሳለ «ከዚህ በፊት እንዲህ የሆነ ልጅ ነበረሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የእነዚህ በዘር የሚተላለፉ ሕመሞች ጥናት ወደፊት የተራመደው እናትን የሚሰማ ሰው በተገኘ ጊዜ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1934 ቦርግኒ ኤግላንድ የተባለች ኖርዌያዊት እናት፣ አእምሯቸው ያልዳበረ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ሐኪሙ አስቢዮርን ፎሊንግ ሄደች። ከልጆቿ የማይለቅ ልዩ ሽታ እንዳለ ለብዙ ሐኪሞች ነግራ የሰማት አልነበረም። ፎሊንግ ሽንታቸውን ተቀብሎ ፌሪክ ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል ጠብ ሲያደርግበት ቀለሙ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ተለወጠ። ከዚያም እናቲቱ ያመጣችለትን 22 ሊትር ያህል ሽንት እያጣራ በውስጡ የተጠራቀመውን አሲድ ለየ። ዛሬ ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለው ሕመም የታወቀው በዚህ ነው። አሁን በብዙ አገሮች አራስ ሕፃን ተረከዙ ተወግቶ በሚወሰድ የደም ጠብታ ይመረመራል፤ ሕመሙ የተገኘበትም ገና ከጅምሩ ምግቡ ተመርጦለት አእምሮው ሳይጎዳ ያድጋል።

ወደ ሰባት ቤት ልመለስ። እንግሊዛዊው ሐኪም አርቺባልድ ጋሮድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሽንትን ስለሚያጠቁር አልካፕቶኑሪያ ስለሚባል ሕመም ሲጽፍ፣ የብዙዎቹ ሕሙማን ወላጆች የወንድማማች ወይም የእኅትማማች ልጆች መሆናቸውን አስተውሎ ነበር። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው። ሕመሙ እንዲገለጥ ልጁ የተበላሸውን ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት ግንባታ መመሪያ) ከአባቱም ከእናቱም መውረስ አለበት። የወንድማማች ልጆች በአማካይ ከጂኖቻቸው ስምንት አንዱን ይጋራሉ፤ ቀጥሎ ባለው ትውልድ ድርሻው ወደ ሠላሳ ሁለት አንድ፣ ከዚያም ወደ መቶ ሃያ ስምንት አንድ እየወረደ ይሄዳል። የቀደሙት አባቶቻችን የጂንን ስም ሳይሰሙ ያቆሙት አጥር እንዲህ ያለውን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በዚህ እኮራለሁ። ፈጽሞ ግን አይዘጋውም። ጤነኛ ሆኖ የተበላሸ ጂን የተሸከመ ሰው በየትም ሊኖር ስለሚችል፣ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ በየእርግዝናው ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።

ከአጥሩ ውጭ የሚያልፍ ሌላ መንገድም አለ። ሚቶኮንድሪያ ከምግብና ከኦክስጅን ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ማገዶ የሚያዘጋጁ ጥቃቅን የሕዋስ ክፍሎች ናቸው፤ ሥራቸው ሲሰናከል አስቀድመው የሚጎዱት ብዙ ማገዶ የሚፈጁት አንጎል፣ ልብ፣ ጡንቻና ዓይን ናቸው። አብዛኞቹ የግንባታ መመሪያዎቻቸው ከሁለቱም ወላጆች በሚወረሰው በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ይገኛሉ። ነገር ግን የራሳቸው የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ተነብቦ የታተመ፣ 16,569 ፊደላትና 37 ጂኖች ያሉት ዲኤንኤ (የዘር መመሪያው የተጻፈበት ሞለኪውል) አላቸው፤ ይህም የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ወንድ ልጅ ይቀበላል እንጂ አያስተላልፍም። የስማችን ሥርዓት ከዚህ ጋር ፊትና ኋላ ነው፤ ስማችን በአባት፣ በአያት፣ በቅድመ አያት ሲወርድ የእናት እናት እናት ስም ይጠፋል።

በእናት በኩል የሚወረሰው ጉድለት ሁሉንም ልጆች እኩል አይነካም። ስንዴና እንክርዳድ የተቀላቀለበትን ጎተራ እናስብ፦ ከዚያው ጎተራ አንዱ እፍኝ ንጹሕ ስንዴ፣ ሌላው እንክርዳድ የበዛበት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዷ እንቁላል የምትይዘው ከእናት ጤነኛና ጉድለት ያለበት ሚቶኮንድሪያ እንዲህ ያለ እፍኝ ስለሆነ፣ ጤነኛ የምትመስል እናት አንዱን ልጅ ጤነኛ፣ ሌላውን ሕመምተኛ አድርጋ ልትወልድ ትችላለች። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2015 በሕግ በተፈቀደ ዘዴ፣ የእናት አስኳል ጤነኛ ሚቶኮንድሪያ ወዳላት የሌላ ሴት እንቁላል ይዛወራል፤ በ2025 ኒውካስል የሚገኙ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ስምንት ሕፃናት መወለዳቸውን አስታውቀዋል።

ባለፈው ጥቅምት አያቴ ዘንድ ሄጄ «እምዬ፣ የእናትሽን ወገን ቁጠሪልኝ» አልኋት። ሰፌድ አስመጣችና ለወንድ ባቄላ፣ ለሴት ሽምብራ፣ በልጅነቱ ለሞተ ደግሞ የዚያኑ ክክ እያደረገች ትደረድር ጀመር። የዘረመል ሐኪሞች ወንድን በካሬ፣ ሴትን በክብ፣ የሞተን በላዩ መስመር በመሳብ ከሚሥሉት የቤተሰብ ሐረግ ምንም አልተለየም። የአባቷን ወገን ሰባቱን ሳትተነፍስ የምትዘልቀው አያቴ በእናቷ በኩል አራተኛዋ ላይ ስትደርስ ቆመችና «እሷን ማን እንደ ወለዳት የነገረኝ የለም፣ ልጄ» አለች። እግሩን ያሰረውን አጎቷንም አስቀምጣው ነበር፤ እሱ ግን በክፉ ቀን ጓያ ሲበላ ከርሞ መሆኑን ስትነግረኝ ከቆጠራው አወጣሁት፤ የጓያ መርዝ በዘር አይተላለፍምና።

በሰፌዱ ላይ የአክስቶቼና የልጆቻቸው ፍሬ ሁሉ ሙሉ ነው፤ እንደ እህቴ ልጆች የሞተ የለም፤ ጎን ለጎን ሁለት ክክ ያለው በእህቴ ቤት ብቻ ነው። ይህ ከእናት ሚቶኮንድሪያ ይልቅ ከሁለቱም ወላጆች ወደሚወረስ ጉድለት ያዘነብላል፤ ቁርጡን የሚያስታውቀው ግን የጂን ምርመራ ነው። እህቴን ይህን ሳስረዳት «የኔ ደም ብቻ አይደለም ማለት ነው?» አለችኝ። ስንት ዓመት ይህን ተሸክማ እንደ ኖረች የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አጥብቄ የምጽፈው ሌላም ምክንያት አለኝ። የልጆቹ አወዳደቅ እንግሊዛዊው ዴኒስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1951 በአንድ ሕፃን አንጎል ላይ የገለጸውንና በስሙ የሚጠራውን የሚቶኮንድሪያ ሕመም ይመስላል። ለዚያ ሕመም እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ነገር ግን ትኩሳትን ተከትሎ የሚመጣ፣ ከእርሱ ጋር በቀላሉ የሚያሳስት ሌላ የሜታቦሊዝም ሕመም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በሳውዲ ዓረቢያ ሕፃናት ላይ ተገልጿል። መድኃኒቱ ባዮቲንና ታያሚን የተባሉ ሁለት ቫይታሚኖች ብቻ ናቸው፤ በጊዜ ከተጀመሩ ልጁ በቀናት ውስጥ ሊሻለው ይችላል። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ሕመሙ ሲጠረጠር የጂን ውጤት ሳይጠበቅ ቫይታሚኖቹ እንዲጀመሩ ይመክራሉ። ማጅራት ገትር ተብሎ የተዘጋ ካርድ ይህን ዕድልም አብሮ ዘግቶ ሊሆን ይችላል።

እህቴ አሁን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከሰፌዱ ላይ የገለበጥሁትን ሐረግ፣ ሁለቱ ልጆች በስንት ወራቸው ምን እንደ ሆኑና የሁለቱን ቫይታሚኖች ስም በአንድ ወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ። ወረቀቱን አጥፋ ከክትትል ካርዷ ጋር ይዛዋለች፤ ሐኪሙ ባይጠይቃት ራሷ ታወጣዋለች።