ስታቲክ የሚያወርድ ቺፕውድ ከዲከረንስ ከሰል

ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ለሞባይል ጥገና ጠረጴዛ ጣጣው ይኸው ነው፤ ከልብስና ከፕላስቲክ የተነሣው ስታቲክ (በመፋተግ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) መውረጃ አጥቶ የስልኩ ቦርድ ላይ ሲራገፍ አይሲ (ቦርዱ ላይ ያለውን ቺፕ) ያበላሻል። የሠራሁት ያንን ቀስ አድርጎ ወደ ኧርዝ (መሬት ውስጥ ወደተቀበረው መስመር) የሚያወርድ፣ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነና 12 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቺፕውድ ነው። እንደ ላሜራ የሚያስተላልፍ ገጽ ግን አይፈለግም፤ ከነባትሪው የተከፈተ ስልክ ቢያርፍበት ሾርት ያደርጋል። ከገጹ እስከ ኧርዝ ያለው ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክ መቋቋም) ከ1 ሜጋ ኦም (አንድ ሚሊዮን ኦም) በላይ፣ ከ1,000 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ይበቃል።

ካርቦኑ ከከሰል ነው። ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም አድርጎ እስከ ዳንግላ የዲከረንስ (የግራር ወገን የሆነ ዛፍ) ከሰል ሞልቷል፤ እንደተገዛ ፈጭቶ መቀላቀል ግን ከንቱ ልፋት ነው። በአፈር ተዳፍኖ የከሰለ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ዲግሪ ብዙም ስለማያልፍ፣ መልኩ ቢጠቁርም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከ700 ዲግሪ ወዲያ ሲሞቅ ነው ጠባዩ የሚለወጠው። ስለዚህ ከሰሉን ሽንብራ አሳክዬ (በሽንብራ መጠን) ሰባብሬ፣ ክዳን ባለው ወፍራም የብረት ሣጥን ሞልቼ፣ በቀጥቃጭ ወናፍ እሳት ሣጥኑ ብርቱካንማ ሆኖ እስኪበራ አግዬ በዚያው አንድ ሰዓት አቆየሁት። ክዳኑ ላይ የምስማር ቀዳዳ ሊኖር ግድ ነው፤ ካልተነፈሰ ይፈነዳል። በቀዳዳው የሚወጣው ነበልባል ሲጠፋ ጋዙ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ እስከ ማግስቱ አይከፈትም፤ ሳይበርድ አየር ካገኘ መልሶ ይቀጣጠላል።

ለመፈተን አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ዱቄቱን በሁለት ብሎን መሃል አጥብቄ መልቲሜትር አስገባሁ። ያልጋለው ከሰል በ20 ሜጋ ኦም መለኪያ ላይ ምንም አላሳየም፤ የጋለው 14 ኦም። ከዚህ ፈተና ያላለፈ ከሰል ቢጨመርም ባይጨመርም አንድ ነው።

ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ጥቁር ዱቄትም ሞክሬዋለሁ፤ አልመክርም። ካርቦኑ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ማንጋኒዝ ነው፣ አብሮት ያለው ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ ብሎን ያዝጋል።

ጣውላው ሦስት ንብር ነው። መሃሉ 8 ሚሊ ሜትር፣ ላይና ታቹ 2፣ 2 ሚሊ ሜትር። ለመሃሉ 580 ግራም የመላጊያ ፍቅፋቂ፣ 220 ግራም በሻሽ የተነፋ ከሰል፣ 330 ግራም ነጭ ኮላ በ110 ግራም ውኃ የቀጠነ። ለሁለቱ ገጾች በአንድ ላይ 330 ግራም የደቀቀ ሰጋቱራ፣ 50 ግራም ከሰል፣ 200 ግራም ኮላ በ70 ግራም ውኃ። ገጹ ከሰል ቢያንሰውም አይጎዳም፤ ስታቲኩ በእሱ ውስጥ ወደ ታች የሚሄደው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ወደ ጎን የሚወስደው መሃሉ ነው። ታችኛውን ገጽ ለመቆጠብ ብዬ ብተወው ጣውላው እንደ ቂጣ ጠርዙን አነሣ።

ከመጠኑ ይልቅ ቅደም ተከተሉ ይበልጣል። መጀመሪያ ከሰሉን ኮላ ውስጥ በጥብጬ በፍቅፋቂው ላይ አፈሰስኩት፤ ሲደርቅ ምንም አላስተላለፈም። እያንዳንዷ የከሰል ቅንጣት በኮላ ተሸፍና ከጎረቤቷ ጋር አልነካካ ብላ ነው። ሁለተኛው ላይ ፍቅፋቂውን በኮላ አርሼ፣ ከሰሉን በኋላ እንደ ዱቄት ነሰነስኩበት። ያን ጊዜ ከሰሉ የፍቅፋቂውን ላይ ላዩን ለብሶ ይያያዛል። በዚያው 220 ግራም ከዳር እስከ ዳር 6 ኪሎ ኦም ሰጠኝ።

ከመጭመቄ በፊት ከአሮጌ ገመድ የወጣ የመዳብ ክር በትኜ መሃለኛው ንብር ጠርዝ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘረጋሁ፤ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። ደርቆ ካለቀ በኋላ ብሎን መምታት ቀላል ይመስላል፣ ግን በጋ ላይ እንጨቱ ሲኮማተር ብሎኑ ይላላና ንክኪው ይጠፋል።

ለመጭመቂያ የ20 ቶን የከባድ መኪና ክሪክ በብረት ፍሬም ውስጥ፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር 12.5 ኪሎ ይደርሳል። በ5 ቶን የጨመቅሁት በጣት ይፈረፈር ነበር። ውፍረቱን የሚጠብቁ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብረቶች በአራቱ ማዕዘን፣ ላይና ታች ፕላስቲክ፣ 24 ሰዓት። ከዚያ በነፋሻ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሳምንት።

እዚህ ላይ ክረምቱ ያታልላል። እርጥብ እንጨት በራሱ ያስተላልፋል። ከሰል የሌለበት ጣውላ ከክሪኩ እንደወጣ 2 ሜጋ ኦም አሳይቶኛል፤ ሲደርቅ መልቲሜትሩ ምንም አላነበበም። በሐምሌ ለክቶ «ሠራ» ያለ ሰው በጥር ይታዘባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ከሰል የሌለው አንድ ቁራጭ አብሬ እጨምቃለሁ፤ እሱ ምንም ማሳየት እስኪያቆም ዋናውን አልለካም።

ልኬቱም በመርፌው ጫፍ አይሆንም። ባለ 2 ኪሎ የሚዛን ብረት ሥሩን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልዬ ገጹ ላይ አስቀምጬ፣ ከእሱ እስከ መዳቡ ክር። በ12 ቦታ ለክቼ ከ3 እስከ 18 ሜጋ ኦም አገኘሁ፤ ሁለት ቦታ ላይ ግን መልቲሜትሩ ምንም አላነበበም። ፕላስቲኩ ሥር የኮላ ስስ ቆዳ ተጋግሮ ነበር፤ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ 9 እና 15 ሆኑ። ሲፋቅ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ በእጅ ይሁን እንጂ በማሽን አይሁን፣ የከሰሉ ብናኝ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ሾርት ያደርጋል። ቫርኒሽ አይቀባም፤ አንድ እጅ ቫርኒሽ ልፋቱን ሁሉ ይዘጋዋል። እጅ ትንሽ ያጠቁራል፣ በደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ መወልወል ይቀንሰዋል።

የመዳቡ ክር በቀጥታ ኧርዝ ላይ አይታሰርም፤ መሃል 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ይገባል። ጠረጴዛው ላይ የሚሠራ ሰው በስህተት 220 ቮልት ቢነካ በእሱ በኩል የሚያልፈው 0.22 ሚሊ አምፔር ብቻ ይሆናል። ኧርዝ ያልተዘረጋበት ቤት ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይሠራ።