ለጨርቅ ጥበብ አቡጀዲ መቀባት፦ የውሃው ሒሳብ

ለግድግዳ የሚሰቀል የጨርቅ ሥራ ለመሥራት ገበያ ወርዶ ባለቀለም ጨርቅ መግዛት ይቻላል። ችግሩ ሁሉም ሰው የሚያገኘው ያንኑ ጨርቅ መሆኑ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ እየፈዘዘ የሚሄድ ቢጫ ወይም ወደ አመድማ የሚያደላ ሰማያዊ በጣቃ አይሸጥም። ነጭ አቡጀዲ ገዝቶ መቀባት ግን ርካሽ ነው፤ እንደ ልብም ያሠራል። ብዙ ሰው ሲበላሽበት ቀለሙን ወይም ብሩሹን ይወቅሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ውሃው ላይ ነው። ጨርቁ ውሃ ይጠጣል ወይ? ቀለሙ ውስጥ ስንት ገባ? በምን ፍጥነትስ ደረቀ?

ከጨርቁ እንጀምር። ሙሉ ጥጥ ይሁን። ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ማለቱ ዋስትና ስላልሆነ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዞ ማቃጠል ነው። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ የሚተወውም ለስላሳ ግራጫ አመድ ነው። ፖሊስተር ያለበት ክር እየቀለጠ ይኮማተራል፤ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ይሆናል። ጥለት ያለው ሸማ ከሆነ የጥለቱን ክር ለብቻው ፈትኑት፤ ነጩ ጥጥ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

አዲስ አቡጀዲ ብዙ ጊዜ ስታርች አለበት፤ እጅ ላይ ደረቅ ብሎ የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነው። በላዩ የተቀባ ቀለም ክሩ ውስጥ አይገባም፤ ላዩ ላይ ተንሳፎ ይቀራል፤ በመጀመሪያው እጥበት ይነሣል። ስለዚህ በ5 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት የሚባለው የማጠቢያ ሶዳ) እና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ ለ1 ሰዓት ያህል ማፍላት፣ ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ውሃው ቢጫ ሆኖ ሲወጣ አትደንግጡ፤ የጥጡ የተፈጥሮ ሰምና የፋብሪካው ቅሪት ነው። ጨርቁ መኮማተሩንም እዚሁ ይጨርሳል። ልብስ ማለስለሻ የሚባለውን ፈሳሽ ግን አታስጠጉት፤ ክሩን ቀብቶ ውሃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል። ጨርቁ ሲደርቅ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ወዲያው ከተመጠጠ ዝግጁ ነው፤ ጠብታው ክብ ሆኖ ከተቀመጠ እንደገና ይቀቀል።

በእጅ በተሸመነ ሸማ ላይ ሲሠራ የሚለይ ነገር አለ። ማጉ በእጅ የተፈተለና ልል ከሆነ ከድሩ ይልቅ ቶሎ ይጠጣል፤ ቀለሙም በማጉ አቅጣጫ ይሮጣል። ጠርዙ ጥርት ያለ ቅርጽ ለሚፈልግ ይህ ያበሳጫል። ለሰማይ፣ ለውሃና ለጭጋግ ግን ከዚህ የተሻለ ጨርቅ አላውቅም።

ቀለሙን በተመለከተ ለጀማሪ የሚመቸው አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ በውሃ ውስጥ የተበተነ የፕላስቲክ ቅንጣትና የቀለም ዱቄት ነው፤ ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይጣበቁና ዱቄቱን ክሩ ላይ ያስሩታል። ብቻውን ሲቀባ ጨርቁን ግትር ያደርገዋል፤ መርፌም አላሳልፍ ይላል። የጨርቅ ሚዲየም የሚባለው ፈሳሽ ይህን ያለዝበዋል። ከቱቦ ለሚወጣ ወፍራም ቀለም እኩል በእኩል፣ ቀድሞውኑ ለቀጠነው 2 እጅ ቀለም ለ1 እጅ ሚዲየም ጥሩ መነሻ ነው፤ የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። ከዚያ ላይ የሚጨመረው ውሃ ከድብልቁ ሩብ እስከ ግማሽ ቢሆን ይበቃል። ውሃው ከቀለሙ በእጥፍ ሲበልጥ ማሰሪያው ይሳሳል፤ ጨርቁ ደርቆ ሲታሽ ዱቄቱ እጅ ላይ ይቀራል። በጣም የፈዘዘ ቀለም ከተፈለገ ሚዲየሙን በውሃ አቅጥኖ በዚያ መበረዝ ነው።

የግድግዳ ቀለም ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች ይሞክሩታል። ውስጡ ብዙ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ስላለበት ጨርቁ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የዘይት ቀለም ደግሞ ባልተዘጋጀ ጥጥ ላይ ሲውል ዘይቱ ከጊዜ ጋር ክሩን ይበላዋል። ሁለቱንም ተዉአቸው።

የሚቀባበት ቦታ ራሱ ሥራውን ይለውጣል። ጨርቁ ሥር ፕላስቲክ ሲነጠፍ ትርፉ ውሃ መሄጃ አጥቶ ኩሬ ይሠራል፤ በኩሬው ዙሪያ ጠቆር ያለ ጠርዝ ይቀራል፤ የፕላስቲኩ እጥፋት ሳይቀር ይታተማል። አሮጌ ፎጣ ሲነጠፍ ትርፉ ወደ ታች ይመጠጣል፤ ቀለሙ ወጥ ይሆናል፤ ግን ይፈዛል። እኔ የምመርጠው ፕላስቲኩን ነው፤ ወጥ ቀለም ከተፈለገማ ሱቅ ሞልቶታል። በደረቅ ጨርቅ ላይ የብሩሹ መንገድ ይታያል። በስፖንጅ ረጥቦ ውሃ በማያንጠባጥብ ጨርቅ ላይ ግን ሁለት ቀለሞች ሲገናኙ ራሳቸው ይዋሐዳሉ። እርጥብ ጨርቅ ሁልጊዜ ደምቆ ይታያልና «በዛ» ብላችሁ እጃችሁን አትሰብስቡ፤ ሲደርቅ በግልጽ ይፈዛል። የድብልቁንም መጠን ከሚያስፈልገው በላይ አድርጉት። ያንኑ ቀለም በማግስቱ እንደገና መበጥበጥ አይሳካም።

አዲስ አበባን የመሰለ ከፍ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው ሊጠቀምበት የሚገባ ዘዴ የፀሐይ ኅትመት ነው። ፎቶ ከማንሣት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሥራው የመድረቅ ሥራ ነው። ለስላሳ ሰሌዳ በፕላስቲክ ሸፍኖ ረጥቦ የተጨመቀ ጨርቅ ይዘረጋበታል። አሳላፊ የጨርቅ ቀለም በእኩል ውሃ ተበርዞ እንደ ወተት ሲቀጥን ቶሎ ቶሎ ይቀባል። ወዲያው ጠፍጣፋ ቅጠል ይደረግበታል፤ ፈርን፣ ፓፓያ፣ ወይም የወረቀት ቅርጽ ሊሆን ይችላል። ያልተሸፈነው ክፍል ፀሐይ ሲመታው ቀድሞ ይደርቅና ከቅጠሉ ሥር ያለውን እርጥበት ከነቀለሙ ወደ ራሱ ይስባል። ቅጠሉ ሲነሣ ሥሩ ፈዝዞ ቅርጹ ይታያል።

የሚበላሸውም ከዚሁ ምክንያት ነው። ቅጠሉ ከጨርቁ ከተነሣ አየር ሥሩ ገብቶ እኩል ይደርቃል፤ ስለዚህ ዳር ዳሩን በስፒል መያዝ ወይም ቀድሞ በከባድ መጽሐፍ ውስጥ ማስተኛት ይበጃል። ጨርቁ ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልጦ ማየት ቀለሙን ወደ ባዶው ቦታ ይመልሰዋል። ነጭ የተቀላቀለበት ቀለም አሳላፊ ስላልሆነ እንደልብ አይጓዝም። በበጋ ከጠዋቱ 4 እስከ 8 ሰዓት ያለው ፀሐይ ምርጥ ነው፤ ንፋስ ካለ ግን ይቅር። በክረምት ደመና ሥር ጨርቁ በሙሉ በዝግታ እኩል ይደርቃል፤ ቅርጽ አይወጣም።

ጨው መበተንም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ ቅንጣት በዙሪያው ያለውን እርጥበት ይስባል። መበተን ያለበት ጨርቁ ገና እያብረቀረቀ ሳለ ነው። ሻካራው ጨው ትልልቅ ነቁጥ ይሰጣል። ሐር ላይ በጣም ያምራል፤ ጥጥ ላይ ብዙ አትጠብቁ።

የተቀባው ጨርቅ ለ24 ሰዓት በአየር ይደርቅ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውጭ አይደር፤ ከ10 ዲግሪ በታች አክሪሊክ በደንብ አይጣበቅም። ከዚያ ካውያውን ለጥጥ በሚሆነው ሙቀት ያለ እንፋሎት አድርጎ፣ ከጀርባው በኩል፣ እያንዳንዱን ቦታ እያንቀሳቀሱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መተኮስ ነው። በነጭ እርጥብ ጨርቅ ሲፈተግ ቀለም ካስቀረ ይደገም።

እስካሁን ያልነው ክሩ ላይ ስለሚቀመጥ ቀለም ነው። ጨርቁ እንደ በፊቱ ለስልሶ እንዲቀር የሚፈልግ፣ በተለይ ብዙ የእጅ ጥልፍ የሚያስብ፣ ሪአክቲቭ ማቅለሚያ ይጠቀም። በ1956 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ አይሲአይ ኩባንያ «ፕሮሲዮን» ብሎ ለገበያ ያቀረበው ዓይነት ነው፤ ከጥጡ ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል፤ ሸካራነት አይተውም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ በትናንሽ ዕቃ በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ጨርቁ በ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ሶዳ አሽ በተሟሟበት ለ15 ደቂቃ ይነከርና ይጨመቃል። ቤኪንግ ሶዳ አይተካውም፣ ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ እጅ ይበላል። ማቅለሚያው በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ ለፈዛዛ 1፣ ለደማቅ 2 ወይም 3 የሻይ ማንኪያ ይበጠበጣል፤ ጥቁር እጥፍ ይፈልጋል። ውሃው ላይ በሊትር 100 ግራም ያህል ዩሪያ መጨመር እርጥበት ያቆያል፤ ለእርሻ የሚሸጠው ዩሪያ ያው ነው፣ ማጥለል ብቻ ነው። የማቅለሚያው ዱቄት ሲበጠበጥ ማስክና ጓንት ግዴታ ነው፤ የሳንባ አለርጂ ያስነሣል።

ከተቀባ በኋላ እንዳይደርቅ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሙቅ ቦታ ለ24 ሰዓት ማሳደር ያስፈልጋል። ጨርቁ ከደረቀ ወይም ከ20 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ትስስሩ ይዳከማል፤ በእጥበት ጊዜ ቀለሙ ሁሉ ሲሄድ የምናየው ለዚህ ነው። ተርኩይዝ ከሁሉም ዘገምተኛ ነው፤ ለእሱ ሁለተኛ ቀን ስጡት። «አቼቶ ቀለም ያስይዛል» የሚለው ምክር ለሱፍና ለሐር ማቅለሚያ የሚሠራ ነው። እዚህ ግን ሶዳውን ያከሽፈዋል። ሲታጠብ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ሶዳውን ማስወጣት፣ ከዚያ በጣም ሙቅ ውሃና ሳሙና እስኪጠራ መደጋገም ነው።

ወደ ስፌት ስንመጣ፦ በአክሪሊክ የተቀባ ጨርቅ ላይ መርፌ የወጋበት ቀዳዳ አይደፈንም። ስለዚህ ተፈትቶ የሚሰፋ ነገር ቀድሞ በቁራጭ ላይ ይለካ። ለመኪና 90/14 መርፌ ተጠቀሙ፤ ቀለም ተጣብቆበት ክር መበጠስ ሲጀምር ለውጡት። ወፍራም ቀለም ያለበትን ቦታ ለእጅ ጥልፍ አትምረጡ፤ ጣት ያማል። የቀሩት ቁራጮች ሲቀመጡ ከመታጠፍ ይልቅ ይጠቅለሉ፤ በመካከላቸው ወረቀት ይግባ፤ ሙቀት ሲያገኛቸው የተቀቡት ፊቶች እርስ በርስ ይጣበቃሉና። ጠርዙ ላይ የቀለሙን፣ የሚዲየሙንና የውሃውን መጠን በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉበት።